ከሶፍትዌሩ ባሻገር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ አርክቴክቸር ምሩቃን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ወጣቶቹ የሚችሏቸውን ሶፍትዌሮች በደንብ ዘርዝራችኋል። ግን እንደ አውቶካድ ያለ የንድፍ ሶፍትዌር ማወቅ ዛሬ መነሻ ነው። ቀጣሪ ብሆን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ፀሐይዋ በየት ትገባለች? ንፋሱስ? የክረምቱ ጎርፍ ወዴት ይሄዳል?

ለምሳሌ አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ በቡርኪና ፋሶ፣ በትውልድ መንደሩ ጋንዶ የነደፈው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ሲያልቅ፣ እሱ ገና በርሊን ተማሪ ነበር። ጡቡ የአካባቢው ሸክላ አፈር ነው፤ ትንሽ ሲሚንቶ ተቀላቅሎበታል። የቆርቆሮው ጣሪያ ከኮርኒሱ ተነጥሎ ከፍ ብሏል። ሙቁ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በመስኮት ይተካዋል። የአየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) የለም። ግንባታው ላይ የመንደሩ ሰው ራሱ ተሳትፏል። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 ታላቁን የአርክቴክቸር ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሯ በራሱ ሀብት ነው። እኛ ግን ፎቁን በመስታወት እንሸፍንና ውስጡ ሲግል ኤሲ እንገዛለን (መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተር!)። ጥፋቱን በወጣቶቹ ላይ አልጭንም። ባለሀብቱ «እንደ ዱባይ አድርግልኝ» ካለ ጀማሪው ምን ይበል?

አንድ ልመና አለኝ። የምሩቃንን ሥራ ስታወጡ የሚያብረቀርቀውን የፊት ገጽታ ብቻ አታሳዩን። ሕንፃው ለሁለት ተከፍሎ የሚታይበትን ንድፍም አትሙልን። አየሩ በየት እንደሚያልፍ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ