ከሐረማያ ዓሣ፣ ከጓሯችን ቲማቲም፦ የጓሮ አትክልትና ምግብ ክበብ ዘገባ

የክበባት ዘገባ በሰኔ ተጽፎ ያልቃል። የእኛን ግን እስከ መስከረም መጨረሻ እንዲጠብቁልን የመጽሔቱን አዘጋጆች ለምነን ነበር። ፈቀዱልን፤ እናመሰግናለን። ምክንያታችን ቀላል ነው። ጓሮ የትምህርት ቤት ካላንደር አያውቅም። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ጓሮ እጁን የሚፈታው ክረምቱ ሲወጣ ነው።

ዓመቱን ሙሉ የሠራነውን ሁሉ እዚህ አልዘረዝርም። የምግብ ሳምንት አክብረናል። ለታናናሾቹ ክፍሎች ስለ እጅ መታጠብ አስተምረናል። በሰልፍ ሰዓት ስለ አትክልት ጥቅም ተናግረናል። ጥሩ ሥራዎች ናቸው፤ በየዓመቱም እንሠራቸዋለን። ዘንድሮ ግን መጻፍ የምፈልገው ስለ ጓሮው፣ ከዚያም በመስከረም አብረን ስለበላነው ዓሣ ነው። ልጆቹ ስለ ምግብ በደብተር ያልያዙትን ብዙ ነገር የተማሩት እዚያ ነውና።

ጓሯችን ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለው መሬት ነው። አሸዋና ጠጠር ይበዛዋል፤ ውሃ አይዝም። ልጆቹ ከየሰፈሩ የፍየል በጠጥ በከረጢት እየተሸከሙ አመጡ። ድሬ ላይ ፍየል የሌለበት መንደር የለምና ይሄ አላስቸገረንም። በጠጡን ከደረቅ ቅጠል ጋር ቀላቅለን ጉድጓድ ውስጥ አበሰበስነው። ለውሃ ደግሞ ከመጠጥ ውሃ ቧንቧዎቹ ሥር በከንቱ የሚፈሰውን በቦይ ወደ መደቦቹ መለስነው። የተረፈውን በሃይላንድ ጠርሙስ አጠጣን፤ ክዳኑን በመርፌ በስቶ ጠርሙሱን ከተክሉ ሥር በአፉ መድፋት ነው። ይሄ ዘዴ እዚህ አንድ ችግር አለበት። የድሬ ውሃ ኖራ እንዳለው የሻይ ማንቆርቆሪያውን ውስጡን ያየ ሁሉ ያውቃል። ቀዳዳዎቹ ነጭ ነገር እየያዙ ይደፈናሉ። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ክዳኖቹን ሰብስባ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ውስጥ ታሳድራቸው ጀመር። ጠዋት ቀዳዳው ጥርት ብሎ ይገኛል። በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ አሲድና ካርቦኔት የምንለውን እሷ በክዳን አሳየችን።

የተከልነው ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ባሚያ፣ ቆስጣና በሶብላ ነው። ቲማቲሙ መልካ ሾላ የሚባለው ዝርያ ነው። ችግኙን በግንቦት አዛወርነው። ሰኔ ገባ። የሰኔን ድሬ ለድሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ቀን ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ሌሊቱም አይበርድም። ቲማቲሙ አድጎ፣ አብቦ፣ ደስ ብሎን ሳለ አበባው መርገፍ ጀመረ። «ቲቸር፣ አበባው ሁሉ መሬት ነው!» እያሉ ቢሮ ድረስ መጡ። በሽታ አልነበረም። ሙቀት ሲበዛ፣ በተለይ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ፣ የቲማቲም ብናኝ ይዳከማል፤ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይወድቃል። መድኃኒት አይረጭበትም። ሥሩን በገለባ ሸፍኖ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ አድርጎ፣ ማታ ማታ አጠጥቶ መጠበቅ ነው። ያረጀ ነጠላና የማሽላ አገዳ አምጥተው ዳስ ሠሩለት።

ባሚያው ግን ሙቀቱን ወደደው። ሌላው ሁሉ ሲጠወልግ እሱ ወደ ላይ ይሄዳል። አበባውን ያላያችሁ ካላችሁ በመጪው ክረምት ኑና እዩ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ መሐሉ ጠቆር ያለ ቀይ። ጠዋት ይፈነዳል፣ በዚያው ቀን ይከስማል። ከዚያ አራት አምስት ቀን ጠብቆ ነው መቁረጥ። ትንሽ ከዘገዩ ክር ይሆናል፤ ጥርስ አይበጥሰውም። ስለዚህ ክረምቱን ትምህርት ቤት ዝግ ቢሆንም ባሚያው አላስተኛንም። ለገሀርና ገንደ ቆሬ የሚኖሩት ልጆች በተራ እየመጡ ያጠጡና ይለቅሙ ነበር። በሩን የሚከፍቱላቸው ጥበቃችን ናቸው። ጋሼ ፍየሎቹንም ሲያባርሩልን ከረሙ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ቢለምኑኝም ምስጋናዬን ግን አልደብቀውም። ያለ እሳቸው ቆስጣው በሐምሌ አልቆ ነበር።

ሐምሌ ሲጋመስ ዝናቡ መጣ። ሌሊቱ በረድ አለ። ቲማቲሙም ፍሬ ቋጠረ፤ ነሐሴን አረንጓዴ ሆኖ ከርሞ በመስከረም ቀላ። ትምህርት ሲከፈት ጓሮው በር ላይ ቆማችሁ ብትሆኑ የቲማቲም ቅጠል ሽታ ይቀበላችሁ ነበር። ያ ሽታ ገበያ ላይ የለም። ቀፊራ የሚመጣው ቲማቲም መንገዱን እንዲችል ገና ሳይበስል ይቆረጣል፤ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀላው። የእኛው ግንዱ ላይ በሰለ። አንድ ልጅ ከፀሐይ እንደወጣ፣ ገና ሙቅ እንዳለ፣ ለሁለት ከፍሎ ጨው ነስንሶ በላው። ጭማቂው እስከ ክርኑ ወረደ። ሌሎቹ ተሰለፉ። ቤት ውስጥ ቲማቲም ፍሪጅ የምትከቱ ወላጆች፣ እባካችሁ ተዉት። ብርዱ ጣዕሙን ይገድለዋል። ጥላ ያለበት ጠረጴዛ ይበቃዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አትክልት በምን እንብላው የሚለው ነገር ተነሣ። ዓሣ አልኩ። ፊታቸው ተለወጠ። «አቦ ቲቸር፣ ዓሣ ይሸታል!» አለ አንዱ፣ ሌሎቹም አጨበጨቡለት። እውነታቸውን ነው። ብዙዎቹ የሚያውቁት ዓሣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ወጥቶ ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ በረዶው ቀልጦ፣ እንደገና በርዶ የደረሰውን ነው። የዓሣ ሥጋ ከበሬና ከፍየል ሥጋ ይልቅ ልል ነው፤ ጅማቱ ጥቂት ነው። ቶሎ የሚበስለውም፣ ቶሎ የሚበላሸውም ለዚህ ነው። የሚሸት ዓሣ የቆየ ዓሣ ነው። ትኩሱ የሚሸተው ውሃ ውሃ ነው። ይህን በቃል ብነግራቸው አያምኑኝም። ስለዚህ ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ተመካክረን ወደ ሐረማያ ሐይቅ ወጣን።

ቅዳሜን የመረጥነው አስበንበት ነው። ረቡዕና ዓርብ ቢሆን ኖሮ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ይነሣ ነበር። በማለዳ ተነሥተን የደንገጎን ዳገት ወጣን። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ። ጠመዝማዛውን ስንጨርስ ልጆቹ ሹራብ መፈለግ ጀመሩ። ግራና ቀኙ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ካሮትና ጫት ነው። ድሬ ላይ ከምንበላው አትክልት ብዙው የሚወርድልን ከዚህ ነው፤ ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲና ሶማሌላንድም ይሄዳል።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ስለ ሐይቁ ነገርኳቸው። ይሄ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ነበር። እነሱ ያን ጊዜ አልተወለዱም። ከብት የሚሰማራበት መሬት ሆኖ ያየሁት ግን እኔ ራሴ ነኝ። ከዙሪያው ኮረብታ ደለል ገባበት። ለመስኖ በሞተር ተቀዳ፣ ለከተሞች መጠጥም ተቀዳ፤ የሚገባው ውሃ ከሚወጣው አነሰ። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመለሰ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ጸጥ ብላ ከሰማች በኋላ «ታዲያ ሐይቁን የጠጣው የምንበላው ካሮት ነው ማለት ነው?» አለችኝ። በከፊል አዎ አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓሯችን ውስጥ ቧንቧ ከፍቶ የሚሄድ ልጅ ካለ የምትቆጣው እሷ ናት።

ዓሣ አጥማጆቹ ወጣቶች ናቸው፤ ሌሊት የጣሉትን መረብ ጠዋት ያነሣሉ። ጀልባዋ ዳር ስትደርስ ቆሮሶው፣ ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ፣ ገና ይፈራገጥ ነበር። አንዱ ወጣት አንዷን አንሥቶ አፏን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ከፈተና ልጆቹን ጠራ። ውስጡ ቢጫ ቢጫ እንቁላል ሞልቷል። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምታስፈለፍል፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ያን ሁሉ ጊዜ እምብዛም አትበላም። ወጣቱ እሷን መልሶ ውሃ ውስጥ ለቀቃት። ልጆቹ አጨበጨቡ። ስለ ዓሣ ያስተማርኩት ሁሉ ከዚያች ቅጽበት አይበልጥም።

ከዚያ ወደ መግዛት ገባን። ትኩስ ዓሣን በእጃቸው እንዲለዩ አደረግሁ። ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ ነው፤ የቆየ ከሆነ ይደበዝዛል፣ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ጉንጩን ገልጦ ስንጥቡን ማየት ነው፤ ደማቅ ቀይ ይሁን፣ ቡናማ ከሆነ ይለፍ። ሥጋውን በጣት ተጫኑት፤ ጉድጓዱ ወዲያው ካልሞላ አትግዙ። «ይሸታል» ያለው ልጅ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተና ዝም አለ። ከዚያ ሌላ አንሥቶ አሸተተ። ሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን እዚያው አስወጥተን፣ አንድ ረድፍ በረዶ አንድ ረድፍ ዓሣ እያደረግን ሳጥን ሞላን። ለሙቀታችን በረዶውም ዓሣውም እኩል መሆን አለባቸው። ሳጥኑ ሥር ቀዳዳ አለው፤ ዓሣው የቀለጠ ውሃ ውስጥ እንዳይዋኝ ነው። በበረዶው መቆጠብ አያስፈልግም።

ድሬ ስንመለስ እናቶች ጓሮው አጠገብ ከሰል አቀጣጥለው ጠበቁን። ቅርፊቱን ከጭራ ወደ ራስ በቢላዋ ጀርባ መፋቅ፣ ጎኑን ከግራም ከቀኝም መተልተል፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ማስገባት፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ ነው። አንዷ እናት «ውሃ ያለው ዓሣ ዘይት ያስቆጣል» እያሉ ልጆቹን ዓሣውን በንጹሕ ጨርቅ አስጠረጓቸው። ዱቄት ነካ አድርገው የጋለ ዘይት ውስጥ ከተቱት። ቶሎ መገልበጥ የለም። ቆዳው ሲጠበስ ራሱ ብረት ምጣዱን ይለቃል። ጭንቅላቱንና አጥንቱን አልጣልነውም፤ ከቲማቲም፣ ከካሮትና ከቃሪያ ጋር ሾርባ ሆነ። ባሚያው በሽንኩርትና በቲማቲም ተቁላላ። የሚለጠልጠውን የማይወድ ካለ፣ ሳይቆርጡ በሙሉው መጀመሪያ መጥበስ ነው። ቃሪያው በሎሚና በበሶብላ ተደቁሶ «በስባስ» የሚባለው ማባያ ወጣው። ሩዝ ነበር፤ እንጀራም ነበር።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ከተማችን አብሮ መብላትን ያውቃል፤ ግን ሥጋ ሲመጣ ድስቱ ሁለት ይሆናል። የእስላምና የክርስቲያን እየተባለ ትሪውም ይለያል። በትምህርት ቤት በዓላችን ልጆቹ አንድ ወንበር ላይ ሲማሩ ውለው ለምሳ ወደ ግራና ቀኝ ይሄዳሉ። ማንም አያዝንበትም፤ የእምነት ነገር ነው፤ መከበርም አለበት። ዓሣ ግን እንደ ሥጋ በየእምነቱ ባርኮ የሚያርድ ሰው አይፈልግም። ለሁሉም ተፈቅዷል። ያን ቅዳሜ ትሪዎቹን ደርድረን ማን የት ይቀመጥ ሳንል ልጆቹ እንደ ጓደኝነታቸው ከበቡ። «ዓሣ መብላት በብልሃት» ነውና ትልልቆቹ ለትንንሾቹ እሾህ ይለቅሙላቸው ነበር። አንዲት እናት አይተው «እንዲህ ያለ ምሳ ቢበዛልን» አሉ። እኔም አሜን አልኩ።

ዓሣ አልወድም ያሉት በሉ። ባሚያ በቤታቸው ነክተው የማያውቁ ልጆችም ጨለፉ፤ የለቀሙት ራሳቸው ናቸውና። የተረፈው አጥንት ብቻ ነው። እሱንም ቀብረነዋል፤ ለመጪው ቲማቲም ይሆናል።

ዘንድሮ ደበርጃንና ዱባ እንጨምራለን፤ ለቲማቲሙም ቋሚ ዳስ ይሠራለታል። መልካ ሾላ ድቅል ስላልሆነ ከራሱ ፍሬ ዘር መያዝ ይቻላል። በደንብ ከበሰሉትና ከጠንካራ ግንድ ከተለቀሙት ፍሬዎች ዘሩን ከነጭማቂው ለሁለት ሦስት ቀን አቆይተን፣ አጥበን፣ ጥላ ላይ አድርቀን በወረቀት ጠቅልለናል። ጓሮ ያለው፣ ጓሮ ባይኖረው በቆርቆሮና በተሰበረ ባልዲ የሚተክል ወላጅ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራው በር ላይ መጥቶ መውሰድ ይችላል። የክበቡ ምዝገባም እዚያው ነው። ከሁሉም ክፍል እንቀበላለን።