ስለ ቫይማር ጽሑፋችሁ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተመሥርቶ ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ስላበቃው፣ ስለ ጀርመኑ ቫይማር ሪፐብሊክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቡናዬን እየጠጣሁ አነበብኩት። አጻጻፉን ወድጄዋለሁ። ሪፐብሊኩ የፈረሰበትን ጥፋት ሁሉ በፓርቲዎች ብዛት ላይ መከመሩ ግን አልተዋጠልኝም። ለዓመታት ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ማለት አቃተኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ፓርቲው ብዙ ነበር፤ አልክድም። ለ60 ሺህ ድምፅ አንድ መቀመጫ ነበር የሚሰጠው። በ14 ዓመት ውስጥ ወደ 20 የሚጠጋ ካቢኔ ተፈራርቋል። ግን ይኸው የምርጫ ሕግ በ1923 ገንዘቡ ወረቀት ሆኖ በቀረ ጊዜም ነበር። ሪፐብሊኩ ያኔ አልፈረሰም።

እኔ ብሆን የምጀምረው ከማርች 27 ቀን 1930 ነው። ሶሻል ዴሞክራቱ ሄርማን ሙለር አምስት ፓርቲ አቻችሎ 21 ወር ገዝቶ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ የቆየ ካቢኔ የለም። በምን ወደቀ? በሥራ አጥነት መድን መዋጮ! ከደመወዝ የሚታሰበው 3.5 በመቶ ወደ 4 ይደግ አይደግ ነው ጭቅጭቁ። መዋጮውን አሠሪና ሠራተኛ እኩል ስለሚካፈሉት፣ ለእያንዳንዳቸው የሩብ በመቶ ጣጣ ነበር። ለአሠሪዎች የቆመው የሕዝብ ፓርቲ አሻፈረኝ አለ። የማዕከል ፓርቲው ሃይንሪኽ ብሩኒንግ ማስታረቂያ ሲያመጣ ደግሞ የሙለር የራሱ ፓርቲ እንደራሴዎች ገፉት። መንግሥት ውስጥ መቀመጡም፣ እንደ ተቃዋሚ መጮሁም አምሯቸው ነበር። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

ጸሐፊያችሁ እዚህ ላይ ቆመ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የምለው ለዚህ ነው። በፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ዙሪያ የነበሩት ሰዎች ያለ ሶሻል ዴሞክራቶች የሚገዛ መሪ አስቀድመው እያዘጋጁ ነበር። ብሩኒንግን መራሔ መንግሥት አድርገው አመጡት። ፓርላማው የበጀት ዕቅዱን ሲጥልበት ፕሬዚዳንቱ ያለ ፓርላማ እንዲደነግግ በሚፈቅደው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 የአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ አድርጎ አወጣው። ፓርላማው ድንጋጌውን ሲሽር፣ ፓርላማው ራሱ ተበተነ። በሴፕቴምበር በተደረገው ምርጫ ናዚዎች ከ12 መቀመጫ ወደ 107 ዘለሉ። በ1931 ፓርላማው 34 ሕግ ሲያወጣ በድንጋጌ የወጣው 44 ነበር።

ተማሪዎቼ የሚወዷት አንዲት ታሪክ አለች። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1932 ነው። ኮሚኒስቶች ብሩኒንግን በተካው መራሔ መንግሥት በፍራንዝ ፎን ፓፐን ላይ ያለመተማመን ድምፅ ይሰጥ አሉ። ፓፐን ፓርላማውን የሚበትነውን ትእዛዝ ይዞ አልመጣም። በግማሽ ሰዓት እረፍት አስሮጦ አስመጣው። ቀዩን አቃፊ ይዞ ለመናገር እጁን ቢያወጣ፣ ናዚው አፈ ጉባኤ ሄርማን ጎሪንግ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ ድምፅ ማሰጠቱን ቀጠለ። ፓፐን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ውጤቱ በፓፐን ላይ 512 ለ 42። ያን አዳራሽ አስቡት እስቲ! አብረው መንግሥት መመሥረት የማይችሉ ሰዎች ለማፍረስ ሲሆን እጅ ለእጅ ተያያዙ። ጀርመኖች ከጦርነቱ በኋላ በ1949 ባወጡት ሕገ መንግሥት፣ ተተኪ ሳይመርጡ መራሔ መንግሥት ማውረድ አይቻልም ያሉት ወደው አይደለም።

አንድ እርማት ልጠይቅ። «ሂትለር ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝቶ ሥልጣን ያዘ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ልክ አይደለም። በጁላይ 1932 ናዚዎች ያገኙት 37.3 በመቶ ነው። በኖቬምበር ወደ 33.1 ወርደው 34 መቀመጫ አጥተዋል። ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ሂትለርን የሾመው ሂንደንቡርግ ነው፤ ያስማማው ያው ፓፐን። በማርች 1933፣ ሥልጣን ይዘው፣ ተቃዋሚ እያሰሩና እየደበደቡ እንኳ 43.9 ላይ ነው የቆሙት። በሚቀጥለው እትም ብታስተካክሉት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ