ስላይዱን ዝጊና ደውዪልኝ

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ትንሽ ከማመሙ በቀር።

የሂውማን ኮሚዩኒኬሽን፣ የሰዎች ተግባቦት ኮርስ ፈተና ደረሰ አይደል? ነርሲንግ ከመግባቴ በፊት እኔም እዚህ ሜሪላንድ ወስጄዋለሁ። ሰው የሚንቀው ኮርስ ነው፤ ማውራት ማን ያቅተዋል? ፈተናው ላይ ግን ትንሽ ታሪክ ይሰጡሽና «ይሄ የትኛው ነው?» ይሉሻል። ትርጉም ሸምድዶ የገባ ሰው እዚያ ጋ ይቀራል።

ስላይዱን እየደጋገምሽ እንደምታነቢ ነግረሽኛል። አይበቃም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2006 ባወጡት ጥናት፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የበለጡት ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ናቸው። ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ዘግተው ለማስታወስ የታገሉት በለጧቸው። ያንቺ ፈተና ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይደለም።

ስለዚህ ዝጊውና ምሳሌ ከቤትሽ ፈልጊ። ሞዴሎቹን፣ ሰው እንዴት እንደሚግባባ የሚያሳዩትን ንድፎች፣ እንይ። ሻነን የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1948 ባወጣው ሞዴል መልእክት ከላኪ ወደ ተቀባይ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ መሐል ላይ ኖይዝ፣ መልእክቱን የሚያውክ ነገር፣ ይገባበታል። ሰውዬው የስልክ ምርምር ላቦራቶሪ የነበረው የቤል ላብስ መሐንዲስ ነበርና ሐሳቡ ሲግናል ላይ ነው። ትራንዛክሽናል የሚሉት ሞዴል ግን ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ላኪም ተቀባይም ነን ይላል። አያትሽን በስልክ ስታወሪያት አስቢ። አንቺ እያወራሽ እሷ አየር ወደ ውስጥ ስባ «እህ!» ትላለች። ሰምቻለሁ፣ ቀጥዪ ማለቷ ነው። ዝም ካለች «ሃሎ? ተቋረጠ እንዴ?» ማለትሽ አይቀርም። እኔ ሥራ ቦታ እንደሷ ሳደርግ ፈረንጆቹ ደንግጠው «ምነው፣ አመመሽ?» ይሉኛል። ያቺ ትንፋሽ ብቻዋን ስንት ምዕራፍ ትሸፍንልሻለች! ፊድባክ (ለተናጋሪው የሚመለስ ምላሽ) ናት፣ ፓራላንጉጅ (ቃል ያልሆነ የድምፅ ምልክት) ናት፣ በሁለት ባህል መሐል ስትወድቅ ደግሞ አለመግባባት ናት።

አንድ ወጥመድ አለ። «93 በመቶው ኮሚዩኒኬሽን ያለ ቃል ነው» የሚል ምርጫ ካየሽ ቀስ በዪ። ቁጥሩ የመጣው ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ከአልበርት ሜህራቢያን የ1967 (በፈረንጆቹ) ጥናቶች ነው። እነሱ ግን የሚመለከቱት ስሜትን ብቻ ነው፤ ሰው የሚለው ቃልና ድምፁ ወይም ፊቱ ሲጋጩ የቱን እናምናለን የሚለውን። ለሁሉም ንግግር ቢሠራማ ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማ ወደ አማርኛ ለመመለስ ምን አደከመው?

ናፕ የሚባል ምሁር ለሰዎች ግንኙነት ያወጣቸው አስር ደረጃዎች ቀላል ናቸው፤ አምስቱ መቀራረቢያ፣ አምስቱ መራራቂያ። የዚያችን ጓደኛሽንና የልጁን ታሪክ በየደረጃው አስቀምጪው። ስም አልጠራሁም።

ሰው ሲነጋገር ከሌላው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳዩትን የኤድዋርድ ሆልን የርቀት ልኮች ግን ዝም ብለሽ ያዢያቸው፤ 18 ኢንች፣ 4 ጫማ፣ 12 ጫማ። እዚህ ላይ መሸምደድ አያስነውርም።

ሐሙስ ማታ ሥራ የለኝም። ስላይዱን ዘግተሽ ደውዪልኝና አንድ በአንድ አስረጂኝ። አባትሽንም ስፒከር ላይ አደርገዋለሁ። ኮርሱን ስላልወሰደ ያልገባውን «አልገባኝም» ብሎ ያፋጥጥሻል፣ እኔ ግን ስለማውቀው ልሞላልሽ እችላለሁ። ዳቦ ቆሎ በፖስታ ልኬልሻለሁ፤ ለክፍል ጓደኛሽም አካፍያት።

እናትሽ