አዋሽ ሲባል የቱ አዋሽ? ለህዋ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ግልጽ ደብዳቤ

ሰላም ለናንተ ይሁን። የአዋሽ መልካሳ ልጅ ነኝ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ወደ ጉዳዬ ልግባ። አዋሽ ወንዝ ዳር ያሉ ከተሞችና መንደሮች ስማቸው አንድ እየሆነ ሰው እየተቸገረ ነው፣ እናንተ ደሞ ካርታውም መረጃውም እጃችሁ ላይ ነው። ስማችንን ቀይሩልን አይደለም የምለው፣ እንደውም እንዳትነኩብን፣ ህዝቡ ራሱ ለመለያ የሚጠቀምበትን ቅጥያ ብቻ በኦፊሴል ጻፉልን ነው።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ አቤ ሀይቅ እስኪገባ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ባህር እንኳን አይደርስም፣ ግን ባለፈበት ሁሉ ስሙን እየሰጠ ነው የሚያልፈው። አዋሽ መልካሳ አለ፣ አዋሽ ሰባት አለ፣ አዋሽ አርባ አለ። መልካ (የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው) የሚባሉት ደሞ ሌላ ጣጣ ናቸው፣ ላይ መልካ ቁንጡሬ፣ ታች አፋር አሚባራ ወረዳ መልካ ሰዲና መልካ ወረር። ባንኩም አዋሽ ወይኑም አዋሽ፣ እኛ ሰፈር ያለው የመልካሳ ምርምር ማዕከል ያወጣው ቦሎቄ ራሱ አንዱ አዋሽ 1 ሌላው አዋሽ መልካ ነው የሚባለው በቃ ምን ልበላችሁ!

አምና ለስራ ወደ አዋሽ ሰባት ስሄድ አዳማ መናኸሪያ ረዳቱ "አዋሽ አዋሽ፣ አንድ ሰው የቀረው" እያለ ይጣራል፣ አንዲት ከጎጃም የመጡ እናት ድርቆሽ በፌስታል ይዘው ገቡ፣ ልጃቸው "አዋሽ ነው ያለሁት" ብላቸዋለች እሳቸውም አዋሽ ሲባል ሰምተው ነው የገቡት። ወለንጪቲ ስንደርስ ሂሳብ መሰብሰብ ሲጀመር ረዳቱ ብሩን ሲነግራቸው "ውይ ልጄ፣ እኔን እኮ ከአዳማ ቅርብ ነው ብላኛለች" አሉ። ስልኩ ተደወለ፣ ልጅቷ ያለችው መልካሳ ነው፣ በአሰላ መንገድ፣ እኛ የያዝነው ደሞ የመተሃራን መንገድ፣ ከአዳማ አዋሽ ሰባት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው እኮ። ወርደው በተመላሽ መኪና ሄዱ። ረዳቱ አልዋሸም፣ ልጅቷም አልዋሸችም።

እሺ ይሄ በተመላሽ መኪና የሚፈታ ነገር ነው። 2017 ታህሳስና ጥር ላይ መሬት ሲንቀጠቀጥ የነበረውን አስታውሱ። ብዙ ሺ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፣ ዜናው ደሞ አንዴ ፈንታሌ አንዴ አዋሽ ፈንታሌ ይላል። አዋሽ ፈንታሌ ወረዳ አፋር ነው፣ አዋሽ ሰባት ያለበት። ፈንታሌ ወረዳ ደሞ ምስራቅ ሸዋ ኦሮሚያ ነው፣ መተሃራ ያለበት። የፈንታሌ ተራራ አንድ፣ ወረዳው ሁለት፣ ክልሉ ሁለት፣ ርዳታውን የሚያስተባብረውም ለየብቻ። ቴሌግራም ላይ "አዋሽ ቤት ፈረሰ" የሚል ሲለቀቅ የኛ ሰፈር ልጆች ከሪያድ ከዱባይ እየደወሉ እናቶቻቸውን ሲያስለቅሱ ነው ያደሩት፣ እኛ ጋ ንዝረቱ ከመሰማቱ በቀር ምንም አልነበረም።

ጎርፉ ግን ይብሳል ምክንያቱም በየክረምቱ ነው የሚመጣው። 2012 ክረምት አዋሽ ሞልቶ አፋር ላይ ስንት ሰው እንዳፈናቀለ እናንተም ታውቁታላችሁ። ቆቃ ግድብ ሞልቶ ውሃ ሊለቀቅ ነው ሲባል ማስጠንቀቂያው "አዋሽ ዳር ያላችሁ ተጠንቀቁ" ከሆነ ማን ነው የሚነሳው? ሁሉም አዋሽ ዳር ነው። መልካ ሰዲና መልካ ወረር ደሞ አንድ ወረዳ ውስጥ ናቸው፣ በስልክ "መልካ ላይ ውሃ ገባ" ተብሎ መስመሩ ከተቆረጠ ጀልባው ወዴት ይሂድ?

አንድ መስሪያ ቤት ፎርም ልሞላ ሄጄ ጸሀፊዋ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ዝርዝር ስትከፍተው አዋሽ የሚል አንድ ብቻ ነው ያለው። መልካሳ የሚለውን የት ላስገባው አለችኝ፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ሲጨንቃት አስተያየት የሚለው ሳጥን ውስጥ ጻፈችው፣ እሱን ሳጥን ማን እንደሚያነበው እንጃ። በአፍ ሲሆን ግን ችግሩ ግማሹ የለም፣ የሀገሩ ሰው "ሰባት ነኝ"፣ "አርባ ነኝ"፣ "ወረር ነኝ" ይላል ያልቃል። ጣጣው ወረቀት ላይ ሲወጣና እንግዳ ሲመጣ ነው።

ለዛ ነው ስም መቀየር አይሁን የምለው። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ ከሆነች ስንት ዘመኗ፣ ናዝሬትም አዳማ ከሆነች እንደዛው፣ ዛሬም ግን ሁለቱንም ስም የሚጠራ አለ፣ በአንድ ፈንታ ሁለት ስም መያዝ ሆነ እንጂ ምን ተቃለለ። የተባበሩት መንግስታት እ.ኤ.አ. በ1967 ጄኔቭ ላይ ስለ ቦታ ስሞች ሲሰበሰብ እያንዳንዱ ሀገር ይሄን ጉዳይ የሚይዝ የራሱ ብሄራዊ አካል ይኑረው ተብሏል፣ ስሙም መሬት ላይ ካለው ሰው አፍ መሰብሰብ አለበት። ከኛ አፍ ሰብስቡ ነው የምላችሁ፣ ቢሮ ተቀምጦ የሚወጣ ስም አንፈልግም።

የምንፈልገው ማንም በስልኩ ከፍቶ የሚያየው የስም መዝገብ ነው። መልካሳ ብዬ ስፈልግ ወረዳው፣ ቀበሌው፣ ከወንዙ በየትኛው በኩል እንዳለ፣ ኮኦርዲኔቱ ይምጣ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በአፋርኛም አጻጻፉ ይኑር፣ ጎረቤቱ የሚጠራበት ስምም አብሮ ይግባ። ከወንዙ በየት በኩል የሚለውን እባካችሁ እንዳትዘሉት፣ ውሃ ሲሞላ ማዶና ወዲህ ትልቅ ልዩነት አለው፣ ድልድዩ ከተዘጋ አምቡላንሱ በየት በኩል መምጣት እንዳለበት የሚያውቀው በሱ ነው።

ሀገሩን ሁሉ ባንዴ ጨርሱ አላልኩም። ከአዋሽ ጀምሩ፣ ከቆቃ በታች ያለውን ብቻ፣ ሀምሌ ሳይገባ። ረቂቁን ለየወረዳው ላኩት፣ ቴሌግራም ላይም ልቀቁት፣ የቀረ መንደር ካለ እኛው በኮሜንት እንነግራችኋለን።

ከአክብሮት ጋር
የአዋሽ ልጅ (የመልካሳው)