እግዜር ይስጥልን ለምን ይባላሉ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከምድር ባቡር በጡረታ የወጣሁ የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ነዋሪ ነኝ። ሰሞኑን ሁለት ሴቶችና አንድ ወጣት ለሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ሊያሰባስቡ በሬን አንኳኩ። ጎረቤቴ ግን ለማኝ እንደሚሸኝ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ መልሷቸዋል። ተናደድኩ።

የሚዞሩት ጠዋት ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ በሙቀትና በጫት እንደምትያዝ ማን ያጣዋል? የአሥር ብሩንም የሺህ ብሩንም ደረሰኝ እኩል ተጠንቅቀው ይጽፋሉ። የወጣቱ ጣቶች በካርቦን ወረቀት ጠቁረዋል። አንድ ባለሱቅ «መጽሐፍ ነው» ብሎ ካርቶን ሙሉ ሰጥቷቸው ሲከፍቱት ያረጀ የሂሳብ መዝገብ አገኙ። ከሴቶቹ አንዷ ይህን ስትነግረኝ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

ደግሞ የቸገራቸው መጽሐፍ ብቻ አይደለም። በዚህ ሙቀት ያለ ቬንቲሌተር ማን ተቀምጦ ያነባል? ማታ እንዲከፈት አምፖልና የዘበኛ ደመወዝ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው፤ ሰው ስሙ የሚጻፍበት መደርደሪያ መግዛት ይወዳል።

የሚመለከተው ክፍል ቢያንስ በገበያ ቀን አንድ ጠረጴዛና ጥላ ያለው ቦታ ይስጣቸው። እኔ 500 ብር ሰጥቻለሁ፤ «ለአምፖል» ብላችሁ ጻፉልኝ አልኳቸው።

አንድ ጡረተኛ፣ ከድሬዳዋ