ግሉኮስ ከመሰካቱ በፊት አንገቱ ይታይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ግፊቱ የወረደና ቀዝቃዛ ላብ ያጠመቀው ሰው ለገጣፎ ወይም ሱሉልታ ካለ ጤና ጣቢያ ሲደርስ፣ የቤተሰቡ የመጀመሪያ ጥያቄ «ግሉኮስ አይሰካለትም ወይ?» ነው። በተቅማጥ ወይም በደም መፍሰስ ለተጎዳ ሰው ፈሳሽ ነፍስ ያድናል። ልቡ ደም መግፋት አቅቶት ሾክ ውስጥ (ለሰውነት የሚደርሰው ደም ከሚበቃው በታች በሆነበት አደገኛ ሁኔታ ውስጥ) የገባውን ግን ያው ፈሳሽ ሊገድለው ይችላል።

የአዋቂ ልብ በእረፍት ላይ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። የልብ ደም ቅዳ ተዘግቶ ከግራው ልብ ጡንቻ 40 በመቶ ገደማው ሥራ ሲያቆም፣ የሚረጨው ደም ለሰውነት አይበቃም። ያኔ ሰውነት ለአንጎልና ለልብ ቅድሚያ ለመስጠት የቆዳን፣ የአንጀትንና የኩላሊትን ደም ሥሮች ያጠብባል፤ የልብ ምትንም ያፈጥናል። እጅና እግር የሚቀዘቅዘው፣ ሽንትም በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች የሚወርደው ለዚህ ነው። ክፋቱ፣ በጠበበ ደም ሥር ውስጥ መግፋት ለደከመው ልብ ተጨማሪ ሸክም ነው፤ ምቱ ሲፈጥንም ልብ ለራሱ ደም የሚያገኝበት ጊዜ ያጥራል። ኩላሊት ደግሞ ደም የጎደለ መስሎት ጨውና ውሃ ያስቀራል። ወደፊት ያልተገፋው ደም ሳንባ ውስጥ ይጠራቀምና ውሃው ወደ አየር ከረጢቶቹ ይሰርጋል። በዚህ ላይ አንድ ሊትር ፈሳሽ መጨመር ሰውየውን በገዛ ሳንባው ማስጠም ነው!

የግፊት ቁጥር ብቻውን ያታልላል። 100/80 ሲነበብ ደህና ይመስላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን 20 ብቻ ነው። ልዩነቱ ከላይኛው ቁጥር ሩብ ካነሰ ልብ በየምቱ የሚገፋው ደም ጥቂት ሊሆን ስለሚችል፣ የላይኛው ቁጥር ከ90 በታች እስኪወርድ አይጠበቅ።

ታካሚው ከወገቡ ቀና ተደርጎ አንገቱ ይታይ። ፈሳሽ ባለቀበት ሰው የአንገት ደም መልስ ጠፍጣፋ ነው፤ ልቡ በደከመው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተወጥሮ ይታያል። በሳንባው ግርጌ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከተሰማ ፈሳሽ አይሰጥ። ሳንባው ንጹሕ ከሆነና ፈሳሽ የሚያስፈልገው ከመሰለ 250 ሚሊ ሊትር ብቻ ሰጥቶ እንደገና ማዳመጥ ነው። ትንፋሽ ያጠረውን እግሩን ሰቅሎ በጀርባ ማስተኛትም ጉዳት አለው። ግፊቱ ወርዶ ሳለ ላሲክስ የተባለውን የሚያሸና መድኃኒት መስጠትም የባሰ ሊያወርደው ይችላል፤ መጀመሪያ ግፊቱን የሚደግፍ እንደ ኖርአድሬናሊን ያለ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ሪፈሩ አይዘግይ፤ አምቡላንሱም ኦክስጅን ይዞ ይምጣ። በሪፈር ወረቀቱ ላይ የተሰጠው ፈሳሽ በሚሊ ሊትር፣ የወጣው ሽንት መጠንና የደረት ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት ይጻፍ፤ የተዘጋውን ደም ቅዳ የሚከፍተው ቡድን አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንን ሰዓት ነው።

የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ፣ ከለገጣፎ