እሱ እየሳቀ እኛ ለምን እናለቅሳለን? የፊልም ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ የፊልም ክበባችን ለራሱ አንድ ሕግ አወጣ። ተራኪ የለም፣ ቃለ መጠይቅ የለም፣ ስክሪን ላይ የሚጻፍ ጽሑፍም የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ተማሪዎቻችን የሚሠሩት ቪዲዮ ሁሉ «ጎንደር ጥንታዊትና ታሪካዊት ከተማ ናት» ብሎ ይጀምርና እስኪያልቅ ያወራል። ምስሉ ለአጃቢነት ብቻ ነው የሚገባው። ወሬው ቢወጣ ምን ይተርፋል? እስቲ እንየው አልን።

በመጀመሪያ ሌሎች የሠሩትን አየን። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የጎድፍሬይ ሬጂዮ «ኮያኒስካትሲ» ውስጥ ደመና፣ በረሃ፣ ከተማና የሰው ጎርፍ አለ፤ ንግግር ግን የለም። ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር የሚሸከመው የፊሊፕ ግላስ ሙዚቃ ነው። መጀመሪያ ላይ ክፍሉ ተንጫጫ። «ቲቸር፣ መቼ ነው የሚጀምረው?» ያለም ነበር። መኪኖቹ በሌሊት እንደ ብርሃን ጅረት መሮጥ ሲጀምሩ ግን ሁሉም ጸጥ አለ። የዚያ ፊልም ካሜራማን ሮን ፍሪክ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን «ባራካ»ን በ24 አገሮች ቀርጿል። ለእኛ ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን እሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው «ሳምሳራ» አሠራር ነው። እዚያ ምስሉ በቅድሚያ ያለ ሙዚቃ ተቀናበረ፤ ሙዚቃው የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ ልጆች ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚወዱትን ዘፈን ካፕካት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ መተግበሪያ ላይ ይጭኑና ምስሉን በምቱ ልክ ይከታትፉታል። ለሠርግ ቪዲዮ ያምራል፤ አልከለክልም።

ከጃንተከል ዋርካ አጠገብ ሆነን በፋሲል ግንብ ላይ የሚያልፈውን ደመና በስልክ ቀረጽን። በየ5 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ከተነሣ ለ10 ሰከንድ ቪዲዮ 300 ፎቶ ይፈልጋል፤ 25 ደቂቃ መቆም ማለት ነው። ትራይፖዱን የሚጠብቁት ልጆች ጸሐይዋን ቻሏት። ምስሉ ቆንጆ ነው፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ዋናው ሥራችን ቅዳሜ ገበያ ላይ ነበር። አንድ ተሸካሚ አስፈቅደን ቀረጽነው። የጤፍ ማዳበሪያ ተሸክሞ ይመጣል፣ ያወርዳል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ከነጋዴዋ ጋር ይቀላለድና ይስቃል። ያችኑ ምስል በሁለት መልክ አዘጋጀናት። በአንደኛው ማሲንቆ የሚጫወት የክበባችን ልጅ የትዝታን ቅኝት በዝግታ አስገባ። በሁለተኛው ባቲን ፈጠን አድርጎ፣ ከጭብጨባ ጋር። ከዚያ ምንም ሳንናገር ለሌሎች ክፍሎች አሳየን። ትዝታውን ያዩት «ያሳዝናል፣ ምስኪን» አሉ። ሳቁ ራሱ ሐዘኑን የሚደብቅበት መሰላቸው። ባቲውን ያዩት ደግሞ «ጎበዝ ሠራተኛ!» አሉ።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ትዝታውን አይታ «ቲቸር፣ ሰውዬው እየሳቀ እኛ ለምን እናለቅሳለን?» አለች። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ አልሰማሁም። አንድ ተራኪ «ይህ ምስኪን ሰው» ቢል ተመልካች «ማን ነገረህ?» ይለዋል። ማሲንቆው ያንኑ ሲል ግን የሚጠይቀው የለም። ተራኪውን አባረርነው ብለን ነበር፤ ለካ ወንበሩን ለሙዚቃው ነው የለቀቅንለት።

ሌላው ልጅ ደግሞ በቅኝቱ ላይ መፍረድ ልክ እንዳልሆነ ተናገረ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ ፍጥነቱንም አብረን ቀይረነው የለም ወይ አለ። እውነቱን ነው። ትዝታውን አፍጥኖ ሲጫወተው የሐዘኑ ግማሽ በረረ። ማሲንቆም የራሱ ጣጣ አለው። ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው፣ በደጋን ስለሚመታም ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ ይጎተታል። አዝማሪ በሞላበት አገር ያደገ ጆሮ ደግሞ ማሲንቆ ሲሰማ ግጥም ይጠብቃል። ስለዚህ ቃል አልባ ፊልማችን ውስጥ ቃል ሊመጣ ነው እየተባለ ይጠበቅ ነበር።

በመጨረሻ አብዛኛው ልጅ ሙዚቃው ይውጣ አለ። የገበያው ጫጫታ፣ የማዳበሪያው ዱብታና የሰውዬው ትንፋሽ ቀሩ። «ዞር በሉ!» የሚለው ጩኸት ቃል ነው አይደለም በሚል ግማሽ ከሰዓት ተጨቃጭቀን አሳለፍነው። ሁለቱን ባለ ሙዚቃና ይህን ሙዚቃ አልባውን ለተሸካሚው ራሱ በስልክ አሳየነው። ሳይውል ሳያድር ባቲውን መረጠ! ክበቡ በገበያው ድምፅ ጸና፤ እኔ ግን የሰውዬው ድምፅ ሊቆጠር ይገባ ነበር ባይ ነኝ። ክርክሩ አልተዘጋም።

ጥር 10 የከተራ ዕለት ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወረድ የቀረጽነው እስካሁን አልተቀናበረም። የስልኮቻችን ማይክ ከበሮውንና እልልታውን መሸከም አልቻለም፤ ድምፁ ተሰነጣጥቋል። ለዚህ የተለየ የድምፅ መቅጃ ያስፈልገናል፤ ለትምህርት ቤቱ ጠይቀን መልስ እየጠበቅን ነው። የታወቀ ዘፈን የገባበት አንድ ሥራችንም ዩቲዩብ ላይ ሲጫን በቅጂ መብት ምክንያት ድምፁ ጠፍቶበታል። ከእንግዲህ የምንጠቀመው ልጆቻችን ራሳቸው የተጫወቱትን ብቻ ነው።

የአዲስ አባላት ምዝገባ በመስከረም ነው። ካሜራ አያስፈልግም፣ ስልክ ይበቃል። ክራር ወይም ዋሽንት የሚሞክር ተማሪ ካለ ቅድሚያ እንሰጠዋለን፤ ማሲንቆ የሚጫወተው ልጃችን 12ኛን ጨርሶ ሊወጣብን ነው።